ሉርድ፣ ፋጢማ ወይስ ሌላ? በሽተኛ ይዞ ለሚሳለም ሰው የምርጫ መመሪያ

አክስቴ ሕመሙ ሲጠናባቸው አንድ ነገር ደጋግመው ይሉኝ ጀመር። «ልጄ፣ እመቤቴ ደጅ አድርሰኝ።» የትኛው ደጅ እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። ቤተሰቡ ተሰበሰበ። አንዱ ሉርድ አለ። ሌላው ከፋጢማ ወዲያ የለም ብሎ ተከራከረ። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ካናዳ ያለውን የቅድስት ሐና ባዚሊካ (ታላቅ ቤተ ክርስቲያን) አነሳች። ሁሉም በቅን ልብ ነው የተናገሩት። ያን ሁሉ ሰዓት ስናወራ ግን ስለ አክስቴ ዳሌ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ከአልጋቸው እስከ መታጠቢያ ቤት ለመድረስ ሁለት ጊዜ የሚያርፉ ሴት ናቸው።

ያኔ ያልጠየቅነውን ነው ዛሬ የምጽፈው። በፈውስ የታወቁ የካቶሊክ የንግደት፣ ማለትም የመሳለሚያ ጉዞ፣ ስፍራዎች ብዙ ናቸው። እምነቱ አንድ ነው፤ ቦታዎቹ ግን በጣም ይለያያሉ። አንዱ ሁሉ ነገሩ ለበሽተኛ የተሰናዳ ነው። ሌላው በእግሩ ለሚመጣ ባለ ስለት ይበልጥ ይስማማል። አንዳንዱ ሕዝብ የሚጎርፍበት ነው፣ አንዳንዱ ጸጥ ያለ። (ዓመቱም ወሩም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ሰዓቱን ግን በእኛ አድርጌዋለሁ።)

በተአምር ብዛት አትምረጡ

ብዙ ሰው የሚጀምረው «ብዙ ተአምር የተደረገው የት ነው?» ብሎ ነው። በዚህ ከሄድን መልሱ ቀላል ነው፤ ሉርድ። ግን ቁጥሩን ረጋ ብለን እንየው። ከ1858 ጀምሮ በሉርድ ተፈወስን ብለው ያመለከቱ ሰዎች ከ7,000 በላይ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ተአምር ብላ የተቀበለችው 72 ነው። 72ኛው የታወጀው በ2025 ነው።

ቁጥሩ ያነሰው ማጣሪያው ጠበቅ ያለ ስለሆነ ነው። ከ1883 ጀምሮ በስፍራው የሐኪሞች ቢሮ አለ። ተፈወስኩ የሚል ሰው የቀድሞ የሕክምና ማስረጃውን ይዞ ይቀርባል። በሽታው ከባድና በምርመራ የተረጋገጠ መሆን አለበት። ፈውሱ ድንገተኛ፣ ሙሉና ዘላቂ መሆን አለበት። በሕክምናው የመጣ ነው ሊባልም አይገባም። ሉርድን የጎበኘ ማንኛውም ሐኪም፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን፣ በምርመራው መሳተፍ ይችላል። በመጨረሻ ተአምር ነው ብሎ የሚያውጀው ሐኪም አይደለም፤ የተፈወሰው ሰው ሀገረ ስብከት ጳጳስ ነው። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ብዙ ዓመት ያልፋል።

ይህን የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ወደዚያ ከሚሄዱት አብዛኞቹ በሽታቸውን ይዘው ነው የሚመለሱት። ቢሆንም በሚቀጥለው ዓመት ደግመው ይሄዳሉ። ለምን እንደሚሄዱ የገባኝ ካየሁ በኋላ ነው። እዚያ ለጥቂት ቀናት በሽተኛው የቤቱ ጌታ ነው፤ ሌላው ሁሉ አገልጋይ። ስለዚህ ጥያቄዬን ቀየርኩት። የኔ ሰው በቀን ስንት ሜትር ይራመዳል? ስንት ሰዓት ቁጭ ማለት ይችላል? ሕዝብ ያበረታዋል ወይስ ያደክመዋል? የተሳለው ስለት አለ? መልሱ ቦታውን ራሱ ይመርጥላችኋል።

ሉርድ፦ መራመድ ለማይችል ሰው

ሉርድ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1858 የ14 ዓመቷ በርናዴት ሱቢሩ እንጨት ልትለቅም ወጥታ በማሳቢዬል ዋሻ አንዲት እመቤት አየች። ራእዩ እስከ ጁላይ 16 ድረስ 18 ጊዜ ሆነ። ፌብሩዋሪ 25 ላይ በርናዴት የዋሻውን ወለል በእጇ ጫረች። መጀመሪያ የወጣው ጭቃ ነበር። ኋላ ግን ጠራ። ያ ምንጭ ዛሬም ይፈሳል። በ1862 የአካባቢው ጳጳስ ራእዩን ተቀበሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በርናዴት ራሷ አስም ነበረባት። ኔቨር ከተማ ገዳም ገባች፣ ሕመም ሳይለያት ኖረች፣ በ1879 በ35 ዓመቷ አረፈች። ምንጩን የቆፈረችው ልጅ ከበሽታዋ አልተፈወሰችም። አክስቴ ይህን ስነግራቸው ዝም አሉ። ቆይተው «እንግዲያው እኔንም ታውቀኛለች» አሉ።

ለምን ለከባድ በሽተኛ ሉርድን አስቀድማለሁ? ቅጥሩ ሁሉ በዊልቸር ላለ ሰው ታስቦ የተሰናዳ ስለሆነ ነው። ዋሻው ያለው በሜዳ ላይ፣ ከጋቭ ወንዝ ዳር ነው። በ1958 የተሠራው የቅዱስ ፒዮስ 10ኛ ባዚሊካ ከመሬት በታች ነው፤ 20,000 ገደማ ሰው ይይዛል። መግቢያው ደረጃ ሳይሆን ሰፊ ተዳፋት ነው። ዊልቸር በሰልፍ ይገባበታል። ከወንዙ ማዶ፣ ከዋሻው ትይዩ፣ ለበሽተኞች ብቻ የተሠራ ማደሪያ አለ፤ አክዮይ ኖትርዳም ይባላል። በ1997 የተከፈተ ነው። ሌላው ደግሞ ማሪ ሴን ፍሬ የሚባለው ነው። ሆቴል አይደሉም፣ ሆስፒታልም አይደሉም። የታመመ ሰው አልጋ፣ ምግብና የሚያነሳ እጅ የሚያገኝባቸው ቤቶች ናቸው።

ከሁሉም በላይ ግን በጎ ፈቃደኞቹ ናቸው። ማኅበራቸው ከ1885 ጀምሮ አለ። በራሳቸው ገንዘብ መጥተው በሽተኛ ይገፋሉ፣ ያጥባሉ፣ ያበላሉ። ሰማያዊዎቹን ጋሪዎች ፎቶ ላይ አይታችኋቸው ይሆናል። ሦስት ጎማ አላቸው፣ ከላይ እንደ ጥላ የሚዘረጋ ሽፋን አላቸው፣ በፊት በኩል በእጀታ ይጎተታሉ። አክስቴን የጎተተው በዕድሜ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ ነበር። ቋንቋ አንግባባም። ዋሻው ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ተንበርክኮ ብርድ ልብሳቸውን እግራቸው ሥር አጠፈላቸው። ከዚያ ጋሪውን ወደ ድንጋዩ በጣም አስጠጋው። የዋሻው ግድግዳ ብዙ እጅ ስለዳሰሰው ልስልስ ብሏል። በአንዳንድ ቦታ እርጥብ ነው። አክስቴ መዳፋቸውን አሳረፉበትና ቶሎ አላነሱም። ከኋላችን ረጅም ሰልፍ ነበር። ማንም አላጉረመረመም።

የሉርድ ጉድለትም አለ። በከፍተኛው ወቅት ሕዝቡ ከመጠን በላይ ነው። ከቅጥሩ ውጭ ያሉት መንገዶች በሱቅ የታጨቁ ናቸው፤ መቁጠሪያ፣ ሻማ፣ በእመቤታችን ምስል የተሠራ የፕላስቲክ ጠርሙስ። ይህ የሚረብሸው ሰው አለ። ቅጥሩ ውስጥ ሲገባ ግን ግርግሩ ይቀራል።

ፋጢማ፦ ስለት ላለበትና ጉልበት ላለው

ፋጢማ ፖርቱጋል ውስጥ፣ ከሊዝበን በስተሰሜን ናት። በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። በ1917 ሦስት እረኛ ልጆች፣ ሉሲያ፣ ፍራንሲስኮና ጃሲንታ፣ ከሜይ 13 እስከ ኦክቶበር 13 እመቤታችንን አዩ። ፍራንሲስኮና ጃሲንታ በዚያን ዘመን በነበረው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ታመው በልጅነታቸው ሞቱ። በ2017 ቅዱሳን ተብለዋል።

ፋጢማ በመሠረቱ የንስሐና የጸሎት ስፍራ ናት። በፈውስም ትታወቃለች፤ መንፈሷ ግን ከሉርድ ይለያል። ሉርድ ላይ በሽተኛው ይገፋል፤ ፋጢማ ላይ ጤነኛው ስለ በሽተኛው ይደክማል። ከሊዝበንና ከፖርቶ ድረስ በእግሩ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። አደባባዩ ላይ ወደ ራእዩ ጸሎት ቤት የሚወርድ ለስላሳ የእብነ በረድ መንገድ ተዘርግቷል። ሰው በጉልበቱ ይሄድበታል። እናት ሕፃኗን ታቅፋ በጉልበቷ ስትሄድ ባሏ እጇን ይዞ ከጎኗ ቀስ እያለ ይራመዳል። ሌላው ደግሞ የታመመውን አካል ቅርጽ በሰም የተሠራ ይገዛል፤ እግር፣ እጅ፣ ጡት። ከሻማው ጋር እሳቱ ውስጥ ይጨምረዋል።

አደባባዩ ሰፊ ነው፣ ጥላም የለውም። በሙቀቱ ወራት ፀሐዩ ያቃጥላል። ዳሌው የታመመ ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመሄድ ይቸገራል። ስለዚህ በሽተኛው ቤት ቀርቶ ስለ እሱ የተሳለ ወንድም ወይም ልጅ የሚሄድ ከሆነ፣ ፋጢማ ይሻለዋል እላለሁ። በሽተኛውን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ በየወሩ 13ኛው ቀን ላይ፣ በተለይ ከሜይ እስከ ኦክቶበር፣ የሕሙማን ቡራኬ እንዳለ እወቁ። በዋዜማው ማታ የሻማ ዑደት አለ። በማግስቱ ሥርዓቱ ሲያልቅ ሕዝቡ ነጭ መሐረብ እያውለበለበ እመቤታችንን ይሸኛል። የሚያምረው ቀን ይህ ነው። የሚያደክመውም ይህ ነው። ለደካማ ሰው በመካከል ያለ ተራ ቀን ምረጡ።

ጸጥታ ለሚፈልግ

የቅድስት ሐና ባዚሊካ ካናዳ ውስጥ፣ ከኩቤክ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ባለችው ሴንት አን ደ ቦፕሬ ነው። ታሪኩ በ1658 ይጀምራል። ሉዊ ጊሞን የሚባል ወገቡን የታመመ ሰው የመጀመሪያው ጸሎት ቤት ሲሠራ ሦስት ድንጋይ አስቀመጠና ዳነ ይባላል። የቀድሞው ባዚሊካ በ1922 ተቃጠለ፤ የአሁኑ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ስትገቡ መጀመሪያ የሚታያችሁ የተፈወሱ ሰዎች ትተውት የሄዱት ክራንችና ምርኩዝ ነው፤ ከታች እስከ ላይ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ለጥቂት ሰዓት ገብቶ፣ ጸልዮ፣ ቀስ ብሎ ለመውጣት የሚመች ስፍራ ነው። ጁላይ 26 ግን ክብረ በዓሏ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው የዘጠኝ ቀን ጸሎትም ሕዝብ ይሰበስባል። ሰሜን አሜሪካ ላሉ ቤተሰቦች ውቅያኖስ ከመሻገር ይሄኛው ይቀላል። የእመቤታችን እናት ደጅ መሆኑም ለብዙ እናቶችና አያቶች ልብ ይቀርባል።

ኖክ አየርላንድ ውስጥ ነው። ኦገስት 21 ቀን 1879 ምሽት፣ ዝናብ እየዘነበ፣ 15 ሰዎች በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ እመቤታችንን፣ ቅዱስ ዮሴፍንና ቅዱስ ዮሐንስን አዩ። አንድም ቃል አልተነገረም። መናገር የማይችል ወይም መናገር የሰለቸው በሽተኛ ይህን ታሪክ ይወደዋል። በ1989 እዚያ የተፈወሰች አንዲት ሴት በ2019 በቤተ ክርስቲያኒቱ እውቅና አግኝታለች። አየር ማረፊያው ቅርብ ነው፤ ዝናቡ ግን እስከ ዛሬ አልተወውም። ዝናብ ልብስ ያዙ።

ባኖ ደግሞ ቤልጅየም ውስጥ፣ ከሊዬዥ ከተማ አቅራቢያ ነው። በ1933 የ11 ዓመቷ ማሪዬት ቤኮ እመቤታችንን 8 ጊዜ አየች፤ ምንጩም ለሕሙማን ማቃለያ ተሰጠ። ትንሽ ነው፣ ጫካ ዙሪያውን ከቦታል። ሉርድ የሚያስፈራው ሰው ከዚህ ይጀምር።

ሉርድን ከመረጣችሁ፦ መቼ፣ ከማን ጋር፣ የት

እኛ ሉርድን መረጥን። ከዚያ በኋላ ያሉት ምርጫዎች ከመጀመሪያው ይልቅ ወሳኝ ሆነው አገኘኋቸው።

መጀመሪያ ወቅቱ። ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ሁለቱ ታላላቅ ዑደቶች በየቀኑ አሉ። ከቀኑ 11 ሰዓት የቅዱስ ቁርባን ዑደት አለ፤ በሽተኞች በቅዱስ ቁርባኑ ይባረካሉ። ከምሽቱ 3 ሰዓት የሻማ ዑደት ይደረጋል፤ መቁጠሪያው በብዙ ቋንቋ ይጸለያል። (በእነሱ ሰዓት 17:00ና 21:00 ነው፤ ፕሮግራሙ ላይ እንዲህ ተጽፎ ስለምታገኙት።) ኦገስት 15፣ የፍልሰታ ቀን፣ የፈረንሳይ ብሔራዊ ንግደት ስለሚደረግ ከተማው ይሞላል። ፌብሩዋሪ 11 የራእዩ መታሰቢያ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ይህን ቀን በ1992 የዓለም ሕሙማን ቀን አድርገው ሰይመውታል። ቀኑ ደስ ይላል፣ ብርዱ ግን አጥንት ይገባል። በብርዱ ወራት ብዙ ሆቴል ይዘጋል። ለደካማ ሰው የኔ ምርጫ ሴፕቴምበር አጋማሽ ወይም ሜይ ነው። አየሩ ለስላሳ ነው፣ ሥርዓቱ ሙሉ ነው።

ከማን ጋር? እዚህ ላይ ሐሳቤ ግልጽ ነው። ሰውየው መታጠብ፣ መልበስ ወይም መድኃኒት መውሰድ ላይ እርዳታ የሚያስፈልገው ከሆነ ለብቻችሁ አትሂዱ። ከሀገረ ስብከት ንግደት ጋር ተቀላቀሉ። ብዙ ሀገረ ስብከቶች በየዓመቱ ሐኪም፣ ነርስ፣ ካህንና በጎ ፈቃደኛ ይዘው ይሄዳሉ፤ በበሽተኞቹ ማደሪያ የሚያርፉትም በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። ፕሮግራሙ ጥብቅ ነው፤ በጠዋት ትነሳላችሁ፣ ከቡድኑ ጋር ትበላላችሁ። ግን ሌሊት ላይ የሚጠራ ሰው አለ። በእግሩ የሚሄድና ብቻውን መጸለይ የሚወድ ሰው ከሆነ ደግሞ በራሳችሁ ሂዱ፤ ሌሊት ዋሻው ፊት ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ይሆንላችኋል። ከፓሪስ ሞንፓርናስ ባቡር 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። የታርብ ሉርድ አየር ማረፊያም 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚርቀው።

የት ማደር? እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ነው። ጉዞውን ያዘጋጀልን ድርጅት ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ሆቴል ያዘልን። «ከቤተ መቅደሱ 600 ሜትር» ይላል ወረቀቱ። ውሸት አልነበረም። ያልተጻፈው ግን 600 ሜትሩ በሙሉ ዳገት መሆኑ ነው። ሲወርዱ ዊልቸሩ ያመልጥብኛል ብዬ ላብ አሰመጠኝ። ሲመለሱ ሁለት ጊዜ ቆምኩ። አክስቴ «ልጄ፣ ተወኝ እዚሁ ልደር» አሉኝ፤ አፍሬ ዝም አልኩ። ባቡር ጣቢያውም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ሆቴል ስትይዙ ርቀቱን አትጠይቁ፤ ዳገቱን ጠይቁ። ሊፍቱ ዊልቸር ያስገባ እንደሆነም ጠይቁ፤ በድሮ ሆቴሎች ውስጥ ሊፍቱ ጠባብ ነው።

የመስቀል መንገድም (የክርስቶስን ሕማማት እያሰቡ፣ በየማረፊያው እየቆሙ የሚጸለይበት መንገድ) እንዲሁ ሁለት ምርጫ አለው። ኮረብታው ላይ ያለው ትላልቅ ሐውልቶች ያሉት፣ ዳገታማና ጠጠራማ ነው። ለማይችል ሰው በወንዙ ማዶ በሜዳው ላይ ሌላ ተሠርቷል። ጤነኛው ኮረብታውን ልውጣ ብሎ በሽተኛውን ታች ባይተወው እመርጣለሁ። አብራችሁ ሜዳውን ዙሩ።

ውሃው

አክስቴ ጸበል ነው የሚሉት። ውሃው በኬሚካል ምርመራ ተራ የምንጭ ውሃ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም መድኃኒትነት አለው አትልም። በነጻ ነው። ቧንቧዎቹ ከዋሻው አጠገብ ናቸው። ጀሪካን ይዞ የሚመጣም፣ በመዳፉ ብቻ የሚቀዳም አለ። ገንዳዎቹ ውስጥ የሚጠልቀው ሰው 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሆነ ውሃ ነው የሚገጥመው፤ በረዶ ማለት ነው። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ የተለመደው ግን በበጎ ፈቃደኛ እርዳታ እጅና ፊት መታጠብና ከመዳፍ መጠጣት ነው። በሽተኛው ሙሉ በሙሉ መጥለቅ ከፈለገ ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ልብ፣ የደም ግፊት ወይም ያልዳነ ቁስል ያለበት ሰው ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አይግባ። አክስቴ እጃቸውንና ፊታቸውን ብቻ ታጠቡ። ሦስት ጊዜ ጠጡ። ፎጣ ልሰጣቸው ስል «በራሱ ይድረቅ» አሉኝ።

መድኃኒት ደግሞ አይቋረጥም። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። የትኛውም ስፍራ ቢሆን መድኃኒትህን ጣል የሚል ካህን አላጋጠመኝም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ቀዝቃዛ ቦርሳውን በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ በአውሮፕላን በሚጫነው ሻንጣ አታድርጉት። የሐኪም ማስረጃና የመድኃኒቶቹ ዝርዝር ባለበት ወረቀት ሁለት ቅጂ ያስፈልጋል። አንዱ ከእናንተ ጋር፣ አንዱ በበሽተኛው ኪስ።

ምስጢረ ቀንዲል መቀበል ከፈለገ አስቀድማችሁ ለካህኑ ንገሩ። ንስሐ በብዙ ቋንቋ ይሰማል፤ በአማርኛ ማግኘት ግን ስለማይቀል የእናንተን ቋንቋ የሚያውቅ ካህን ካለ ከቡድኑ ጋር እንዲሄድ ለምኑ። አክስቴ ከሁሉም በላይ የፈለጉት ይህንን ነበር። ያገኙትም አንድ ካህን ከእኛ ጋር ለመሄድ ፈቃደኛ ስለሆኑ ነው።

ምርጫችሁን ስትጨርሱ ቲኬት ለመቁረጥ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ወደ ሀገረ ስብከታችሁ ቢሮ ደውሉና በዚያ ዓመት ወደ የት እንደሚሄዱ፣ ለበሽተኛ ስንት አልጋ እንደያዙ ጠይቁ። አልጋው ቶሎ ያልቃል። እኛ በጃንዋሪ ደውለን ለሴፕቴምበር ያገኘነው የመጨረሻውን ነበር።